በአዳማ የቆየ የቤተሰብ ቤት መሠረትን ለመጠገን የትኛው መንገድ ይሻላል?

የአባታችንን ቤት ለማደስ በተሰበሰብንበት ቀን አንዱ ስለ ቀለም፣ ሌላው ስለ ጣሪያ ቆርቆሮ፣ እኅቴ ደግሞ ስለ ወጥ ቤቱ ሴራሚክ አነሡ። ከመኝታ ቤቱ መስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ እስከ ወለሉ የወረደውን ስንጥቅ ግን ያነሣ አልነበረም። ባለፈው ዓመት አንድ ግንበኛ በሲሚንቶ ደፍኖት ነበር፤ ነሐሴ ሳያልቅ በዚያው መስመር ተከፈተ። እኔም ያን ዕለት የቀለሙ ገንዘብ ይቆይ፣ ቅድሚያ ለመሠረቱ ብዬ ሞገትኩ። አሁንም ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው።

አዳማ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ብዙው አፈሯ ከእሳተ ገሞራ የተረፈ አመድና ቀላል ጠጠር ነው፤ ደርቆ ሲታይ ጠንካራ ይመስላል፣ ውሃ ሲጠጣ ግን ይሰምጣል። ጥቁር አፈር ያለበት ቦታ ደግሞ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። በሐምሌና በነሐሴ ከዙሪያው ኮረብታዎች የሚወርደው ጎርፍ በዚህ ላይ ይጨመራል። በ2017 ዓ.ም. ከመስከረም ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ለወራት የዘለቀውን የመሬት መንቀጥቀጥም የአዳማ ሰው በቤቱ ሆኖ ተሰምቶታል።

ከመምረጣችሁ በፊት ስንጥቁ ቆሞ እንደሆነ ወይም ገና እየሄደ እንደሆነ እወቁ። ስንጥቁን አቋርጣችሁ በሁለት ቦታ ጄሶ ለጥፉና ቀኑን በእርሳስ ጻፉበት። ጄሶው ክረምቱን ሳይሰነጠቅ ካለፈ ቤቱ ቆሟል፤ ከተሰነጠቀ ግን መሬቱ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው።

ስንጥቁ ከቆመ የሚበቃችሁ ርካሹ መንገድ ነው፤ ውሃውን ከቤቱ ማራቅና ግንቡን መጠገን። የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን ከግድግዳው ርቆ እንዲያፈስ ማድረግ፣ በዙሪያው ያለውን መሬት ወደ ውጭ እንዲያዘነብል መደልደል፣ የድንጋዩን መጋጠሚያ ቆፍሮ አሮጌውን ማያያዣ ካወጡ በኋላ በአንድ ሲሚንቶ ለአራት አሸዋ መሙላት። የልብስ ማጠቢያ ውሃ ከግድግዳ ሥር የሚደፋበት ግቢ ብዙ ነው። የእኛም ቤት አንዱ ሕመም ይኸው ነበር፤ እናቴ ማጠቢያውን ለማዛወር የፈጀባት ግማሽ ቀን ብቻ ነው።

ስንጥቁ እየሄደ ከሆነ ግን ያለው ምርጫ ከሥር በአርማታ መደገፍ ነው። ከነባሩ መሠረት በታች ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ድረስ ተቆፍሮ አርማታ ይሞላል፤ በአሮጌው ግንብና በአዲሱ አርማታ መካከል ትንሽ ክፍተት ይተውና አርማታው ከጠነከረ በኋላ ደረቅ ባለ የሲሚንቶ ቅይጥ ተጠቅጥቆ ይዘጋል። ቁፋሮው በየአንድ ሜትር ገደማ ተከፋፍሎ፣ አጎራባች ያልሆኑት ክፍሎች እየተመረጡ መሠራት አለበት። ሥራው አድካሚና ቀርፋፋ ነው፤ ገንዘብም ይበላል። ሆኖም ቤተሰቡ ቤቱን ሳይለቅ ሊሠራ ይችላል፣ የሚይዘውም ሥሩን ነው።

ብዙ ጊዜ የሚቀርብላችሁ ሦስተኛው ሐሳብ ቤቱን ከውጭ በፌሮ በታሰረ የአርማታ ቀበቶ መክበብ ነው። ዐይን ይሞላል። ይሁን እንጂ ቀበቶው ከአሮጌው ግንብ ጋር ካልተሳሰረና የሚያርፍበት መሬት ራሱ የሚሰምጥ ከሆነ፣ ውድ ጌጥ ከመሆን አያልፍም። እኔ ብቻውን አልመክረውም፤ ከድጋፉ ጋር አብሮ ሲሠራ ግን በመንቀጥቀጥ ጊዜ ግድግዳዎቹን አንድ ላይ ይይዛል።

ለጭቃ ቤት ውሃውን ከማራቅ በቀር ይህ አይሠራም። እዚያ የሚበሰብሰው የምሰሶው እግር ነው፣ ምስጥም የሚገባው በዚያው ነው። የተበላውን ምሰሶ አንድ በአንድ እየለወጡ፣ ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ማሳረፍ ይሻላል። ግድግዳውን በሲሚንቶ አትለስኑት፤ ልስኑ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀረዋል፣ ቆይቶም ይላቀቃል።

አፍርሶ መሥራት የሚገባው ግድግዳው ከቱምቢው (ክብደት ታስሮበት ቀጥ ብሎ ከሚንጠለጠለው ገመድ) በግልጽ ካጋደለና ጣሪያውም አብሮ ከሰገደ ብቻ ነው። የግንባታ ፈቃዱን ጉዳይ አስቀድማችሁ ጨርሱ።

ሲሚንቶ ስትገዙ ለአርማታው ኦፒሲ (ተራውን ፖርትላንድ ሲሚንቶ)፣ ለግንብና ለልስን ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበትን) ውሰዱ። ባለ 50 ኪሎ አንድ ከረጢት 25 ሊትር ያህል ውሃ ይበቃዋል። ሠራተኞች ለማማሰል እንዲቀላቸው ውሃ ሲጨምሩ ዝም አትበሉ፤ በቀጠነው ልክ ይደክማል። ከዚያም ቢያንስ ለ7 ቀን አርማታውን ውሃ አጠጡ፤ የአዳማ ነፋስና ፀሐይ ቶሎ ያደርቀዋል።

ግንበኛ ስትመርጡ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ከግድግዳው ሥር በአንድ ጊዜ ስንት ሜትር ትከፍታለህ? «ሙሉውን ጎን በአንድ ቀን እጨርሰዋለሁ» ካለ፣ አመስግናችሁ ሸኙትና ሌላ ፈልጉ።