ዊቸር 3 ወይስ ማስ ኢፌክት 3?

ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ያለ ጌም ቤት። ጓደኛዬ «ማስ ኢፌክት 3» ይላል፤ እኔ «ዊቸር 3»። መጨረሻቸው በተጫዋቹ ምርጫ ከሚለያይ ከነዚህ ሁለት ጌሞች የትኛው ይሻላል በሚለው ጭቅጭቃችን አያልቅም።

የ2012ቱ ማስ ኢፌክት መጨረሻውን ፊትህ ይደረድርልሃል፦ ጠላትን አጥፋ፣ ተቆጣጠር፣ ወይም ሰውና ማሽንን አዋህድ። ያሰባሰብከው ጦር ምርጫህን ቢያሰፋም ቢያጠብም፣ ዋናው ውሳኔ እዚያው ነው። ተጫዋቹ ስላጉረመረመ፣ ሰሪዎቹ በዚያው ዓመት መጨረሻውን የሚያብራራ ማሟያ በነጻ ለቀቁ።

የ2015ቱ ዊቸር ግን ዝም ብሎ ይታዘብሃል። ሲሪ፣ የምትጫወተው ጀግና እንደ ልጁ ያሳደጋት ወጣት፣ ሐዘን ላይ ናት፤ ኃይሏም አልታዘዝ ብሏታል። «አይዞሽ፣ ሁሉን መቻል የለብሽም» ትላታለህ ወይስ በረዶ እየተወራወራችሁ ታስቃታለህ? እኔ አጽናናኋት። ደግ የሆንኩ መስሎኝ! ለካ ማጽናናቱ የሚቆጠረው በሷ ላይ እምነት እንደማጣት ነው። እንዲህ ያሉ ጥቂት ቅጽበቶች ተደምረው ነው ዕጣዋን የሚወስኑት። የኔዋ ሲሪ አልተመለሰችም።

«ይሄማ ወጥመድ ነው!» አለኝ ጓደኛዬ። በሰዓት ለሚከፍል ሰው እውነቱን ነው። የሱን ጌም ከመጨረሻው ቦታ ደግመህ ከፍተህ ሌላውን ምርጫ ታያለህ። የኔን ለማስተካከል ስንት ሰዓት ወደኋላ! የመብራቱ መጥፋትም እኮ አለ።

ቢሆንም ዊቸርን አልለውጥም። ያቺ በረዶ እስካሁን ትቆጨኛለች።