ውሃ ነው የተባለውን እንደገና ላዩልን ሐኪም

ይህን ለመጻፍ የእህቴ ኬሞ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ባለፈው ሳምንት የመጨረሻውን ወሰደች። ተመስገን።

እህቴ 38 ዓመቷ ነው። ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ አልትራሳውንድ ስትታይ፣ «ውሃ የቋጠረ ሲስት ነው፣ አያሰጋም፣ ከ6 ወር በኋላ ተመለሽ» ተባለች። እፎይ አልን። በሁለት ወር ውስጥ ግን እብጠቱ ጨመረ። የሥራ ባልደረባዬ አዲስ አበባ የሚሠሩ አንዲት የራዲዮሎጂ ሐኪም ጠቆመችን።

ዶክተሯ የቀድሞውን ውጤት አነበቡ። መጀመሪያ በእጃቸው ዳሰሷት፤ ከዚያ ማሽኑን ያዙ። ስክሪኑን ወደ እኛ አዞሩልን። ክብ፣ ጥቁር፣ ጠርዙ ለስላሳ፣ ከኋላው ነጣ ያለ ነገር ነው። እኔም ባየው ውሃ ነው የምለው። እሳቸው ግን ጥቁሩ ውስጥ ደብዘዝ ያለ ግራጫ አሳዩን። ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ዝቃጭ ከሆነ ቦታ ይቀይራል ብለው እህቴን በጎኗ አስተኟት። ግራጫው ንቅንቅ አላለም። ቀጥለው የደም ዝውውር የሚያሳየውን ዶፕለር ከፈቱ። መሃሉ ላይ ቀይና ሰማያዊ ብልጭ አለ።

«የኔ እናት፣ ውሃ ውስጥ የደም ስር አይኖርም። ናሙና እንወስዳለን» አሏት። እጇን ይዘው ነው የነገሯት። ያንን አልረሳም።

አንዳንድ ቶሎ የሚያድጉ ካንሰሮች ሴሎቻቸው ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው። የአልትራሳውንዱን ድምፅ በቀላሉ ያሳልፋሉ። ስለዚህ ክብና ጥቁር ሆነው ሲስት ይመስላሉ። ይህን ያወቅነው ከእሳቸው ነው። ሪፖርቱ ላይ «ባይራድስ 4» ብለው ጻፉ፤ ባዮፕሲ (ናሙና ተወስዶ የሚደረግ ምርመራ) ያስፈልገዋል ማለት ነው። በዚያው ቀን በወፍራሙ መርፌ ቁራጭ ወሰዱ። ቀጭኑ የሚያወጣው ሴሎችን ብቻ ስለሆነ አይበቃም አሉን።

ውጤቱ ካንሰር ሆነ፤ ትሪፕል ኔጌቲቭ የሚባለው፣ ብዙውን ጊዜ ቶሎ የሚያድግ የጡት ካንሰር ዓይነት። ሲስት መስሎ ሐኪም ከሚያሳስቱት አንዱ እሱ ነው። 6 ወሩን ብንጠብቅ ኖሮ እያልኩ እስካሁን ሌሊት እነቃለሁ።

እህቶቼ፣ አትደንግጡ። ሲስት ከተባለው አብዛኛው እውነትም ውሃ ነው። ግን እብጠቱ እያደገ ከሆነ ቀጠሮውን አትጠብቁ። «ውስጡ ጥርት ያለ ነው ወይ? በዶፕለር ታይቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እናታችን በየቀኑ ስምዎን እያነሳች ትመርቅዎታለች።

ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አልፈለጉም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻቸውን እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን የቀድሞውን የአልትራሳውንድ ምስልም ያዙ፤ ጎን ለጎን አድርገው ነው የሚያዩት።