ደብረ ማርቆስ ላይ ላፕቶፕ ልታሠሩ ያሰባችሁ፣ ይህን ሳታነቡ እንዳትሄዱ

ዛሬ ከሰዓት የሆነ ነው። እስካሁን እጄ ይንቀጠቀጣል።

ላፕቶፔ አሮጌ ነው። ዊንዶውስ ስለከበደው ወንድሜ ባለፈው ሳምንት ፋይሎቼን ሳይነካ በዊንዶውስ ምትክ የሚሠራ ዴቢያን ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ጫነልኝና ወደ ባሕር ዳር ተመለሰ። የጃፓንኛ ማስታወሻዎቼን ስከፍት ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኗል። አማርኛው ደህና፣ እንግሊዝኛው ደህና። ወንድሜ ስልክ አላነሳ አለኝ። አንድ ቀን መታገስ አቅቶኝ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ካለ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ይዤው ሄድኩ።

እነዚህን ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ። ምንም ይዛችሁ ሂዱ፣ መልሱ ፎርማት ነው። ልጁ አንድ ፋይል እንኳ ሳይከፍት «ቫይረስ በልቶታል» አለኝ።

«ፋይሌስ?»

«ባክአፕ እይዝልሻለሁ፣ አታስቢ።»

ፍላሼን ሰጠሁት። በ1,200 ብር ተስማማን፣ ግማሹን ከፈልኩ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ዊንዶውስ ጭኖ አንድ የጃፓን ድረ ገጽ ከፍቷል። «ይኸው፣ ጃፓንኛሽ መጣልሽ!» እውነትም የጃፓንኛ ፊደሎቹ፣ ሂራጋናው፣ ካንጂው ቁልጭ ብሏል። ደስ ብሎኝ ቀሪውን 600 ብር እዚያው አስተላለፍኩለት። ከዚያ ማስታወሻዬን ፈለግሁ። ባዶ። ፍላሼን ሳይ ጠረጴዛው ላይ እኔ ካስቀመጥኩበት ንቅንቅ አላለም፣ ክዳኑም አልተከፈተም።

«ሊኑክስ ስለነበረ አልተነበበም፣ ጠፍቷል» አለኝ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ። ስምንት ወር የጻፍኩት ነው ስለው «ጎጃም ቁጭ ብለሽ ጃፓንኛ ምን ይሠራልሻል?» አለ። አጠገቡ ያሉት ሳቁ።

ማታ ወንድሜ ደወለ። የጎደለው ፎንት፣ ማለትም የፊደሎቹን ቅርጽ የያዘው ፋይል ብቻ ነበር! ኖቶ ሲጄኬ ይባላል፤ ጉግልና አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2014 በነጻ ያወጡት ነው። አውርዶ መጫን ነው፣ አለቀ። ድሮ ስልካችን ላይ አማርኛ ሳጥን ሳጥን ሲሆን ያየሁት እኮ ያው ይህ ነበር። እንዴት አላሰብኩትም? ይኸ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

ሳጥን ካያችሁ ፎንት ነው የጎደለው፣ ጽሑፉ አልተነካም። ሳጥን ሳይሆን ትርጉም የሌለው የተዘበራረቀ ፊደል ከሆነ ደግሞ ኢንኮዲንጉ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ፊደልን በቁጥር የሚያስቀምጥበት መንገድ ነው፤ ሺፍት ጂስ በሚባለው በድሮው የጃፓንኛ ኢንኮዲንግ የተጻፈ የቆየ ፋይል ዛሬ በተለመደው በዩቲኤፍ 8 ሲከፈት እንደዚያ ይሆናል። ሁለቱም ፎርማት አያስፈልጋቸውም። ላፕቶፑን ከመስጠታችሁ በፊትም ፋይላችሁን ራሳችሁ ቅዱ።

ወንድሜ ቅዳሜ መጥቶ የጠፋውን ማውጣት ይቻል እንደሆነ ይሞክራል። እስከዚያ እንዳትከፍቺው ብሎኛል፤ በላዩ አዲስ ነገር ከተጻፈበት ጭራሽ አይገኝም። ከነቦርሳው አልጋዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ።