ዊንዶውስ ፎርምስ በዶት ኔት 8፦ ለሱቅና ለፋርማሲ ፕሮግራም ለምን አሁንም እመርጠዋለሁ

ሥራዬ ለፋርማሲዎችና ለትንንሽ መደብሮች የዕቃና የሽያጭ ፕሮግራም መሥራት ነው። አብዛኞቹ ደንበኞቼ አዲስ አበባ ውስጥ ናቸው። ኮምፒውተራቸው ያረጀ ነው፣ ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል፣ መብራትም በፈለገው ሰዓት ይሄዳል። ስለዚህ ጓደኞቼ ሁሉ ወደ ዌብ ሲሄዱ እኔ ዴስክቶፕ ላይ ቀረሁ። የምሠራበትም ዊንዶውስ ፎርምስ ነው፤ በዶት ኔት (የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ መድረክ) ውስጥ ለዊንዶውስ መስኮትና በተን ያላቸውን ፕሮግራሞች መሥሪያ መሣሪያ ነው።

መሣሪያው አዲስ አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. ከመጀመሪያው ዶት ኔት ጋር ወጣ። በ2018 መጨረሻ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆነ፣ በ2019 ደግሞ ከዶት ኔት ኮር 3 ጋር ወደ አዲሱ ዶት ኔት ተሻገረ። በሲ ሻርፕ የሚጽፍ ሰው በተን ጎትቶ ፎርሙ ላይ ያስቀምጣል፣ ሁለቴ ይጫነዋል፣ ኮዱን ይጽፋል፣ በቃ። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮሚዩኒቲ ለግለሰብ በነፃ ነው። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዶት ኔት ሜሞሪውን ራሱ ስለሚያጸዳ ብዙ ጀማሪ ሁሉንም ነገር ለሱ ይተዋል። እኔ ደግሞ ይህን ቦታ ነው ጠንክሬ የምመለከተው። በሾው ዳያሎግ የተከፈተ ፎርም ሲዘጋ ይደበቃል እንጂ ዲስፖዝ አይደረግም፣ ማለትም የያዘውን አይለቅም። ካሸሯ ቀኑን ሙሉ "ዋጋ ቀይር" የሚለውን መስኮት ስትከፍትና ስትዘጋ ከዋለች ያልተለቀቁት መስኮቶች ይከማቻሉ። ዊንዶውስ ለአንድ ፕሮግራም በተለመደው አሠራር 10,000 የጂዲአይ ዕቃ (ስክሪን ላይ ለመሳል የሚያገለግሉ እንደ ፎንትና ብሩሽ ያሉ ነገሮች) ብቻ ነው የሚፈቅደው። ያ ሲሞላ ስክሪኑ መበላሸት ይጀምራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፎርሙን በዩዚንግ (ሥራው ሲያልቅ ራሱ ዲስፖዝ በሚያደርግ የሲ ሻርፕ ቃል) ክፈቱት። ታስክ ማናጀር ላይም "ጂዲአይ ኦብጀክትስ" የሚለውን ዓምድ አውጡና ቁጥሩን እያያችሁ ፕሮግራማችሁን ፈትኑት። እየጨመረ ብቻ የሚሄድ ከሆነ የሆነ ቦታ ላይ ያልለቀቃችሁት ነገር አለ።

ሁለተኛው ችግር የስክሪኑ መድረቅ ነው። ዊንዶውስ ፎርምስ ስክሪኑን የሚነካው በአንድ ክር (ትሬድ፣ ትዕዛዞችን በተራ የሚያስኬድ መስመር) ብቻ ነው። ያ ክር ዳታቤዝ ሲጠብቅ ካሸሯ ፊት ያለው መስኮት ይደርቃል። እሷ ደግሞ በትዕግሥት አትጠብቅም፤ ሰልፍ አለባት፣ ደጋግማ ትጫናለች። አሲንክና አዌይት (ክሩን ሳያስቆሙ ውጤት የሚጠብቁ የሲ ሻርፕ ቃላት) ለዚህ የመጡ ናቸው፣ ግን በሥርዓት ተጠቀሙባቸው። አሲንክ ቮይድን (ምንም የማይመልሰውን አሲንክ) የበተን ክሊክን ለመሰለ ኢቨንት ብቻ ተዉት። የስክሪኑ ክር ላይ ሆናችሁ በሪዘልት ወይም በዌይት ውጤት አትጠብቁ፤ ክሩና ሥራው እርስ በርስ ይጠባበቁና ፕሮግራሙ እዚያው ይቆማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ኤስኪውላይትን (በአንድ ፋይል የሚቀመጥ ትንሽ ዳታቤዝ) የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ለዶት ኔት የተሠራው የማይክሮሶፍት ዳታ ኤስኪውላይት ላይብረሪ ውስጥ ስማቸው አሲንክ የሆኑት ጥሪዎች በእውነቱ የሚሠሩት ክሩን አስቁመው ነው። ኤስኪውላይት ራሱ አሲንክ የፋይል ሥራ ስለማያውቅ ነው። አዌይት ብትጽፉም ስክሪኑ ይደርቃል። ስለዚህ ከባዱን ሪፖርት በታስክ ራን ወደ ሌላ ክር ውሰዱት፣ ውጤቱ ሲመጣ ብቻ ስክሪኑን ንኩ።

ኤስኪውላይትን ካነሳሁ አይቀር፣ ለእኛ አገር መብራት የሚመች ዳታቤዝ ነው። አንድ ሽያጭ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ከተጻፈ መብራት በመሀል ቢሄድ ወይ ሙሉው ይኖራል ወይ ምንም አይኖርም። ለፍጥነት ተብሎ ዋል ሞድ (ለውጡን መጀመሪያ በሌላ ፋይል የሚጽፍ አሠራር) ሲከፈት ሲንክሮነስ (ዲስክ ላይ መጻፉን የማረጋገጫ ደረጃ) ብዙ ጊዜ ወደ ኖርማል ዝቅ ይደረጋል። ፋይሉ አይበላሽም፣ ግን መብራት ሲሄድ የመጨረሻዎቹ ሽያጮች ሊጠፉ ይችላሉ። ደንበኛው ደረሰኙን ይዞ ወጥቷል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያውቀውም። ለሽያጭ ሲንክሮነስን ፉል ላይ ተዉት። የምታጡት ፍጥነት በሱቅ ሥራ ላይ አይታወቅም።

ብር የሚነካ ነገር ሁሉ ዴሲማል በሚባለው የቁጥር ዓይነት ይሁን። ደብል በሚባለው ዓይነት 0.1 ሲደመር 0.2 ልክ 0.3 አይሆንም። ቁጥር የሚያጠጋጋው ማዝ ራውንድም የራሱ ባህርይ አለው፤ መሀል ላይ ያለ ቁጥር ሲያጋጥመው ወደ ተጋማሹ (ለ2 ወደሚካፈለው) ጎን ነው የሚያስጠጋው። 5 ብር ከ50 ሳንቲም የሆነ ዕቃ 15 በመቶ ቫት 82 ሳንቲም ተኩል ነው። ምንም ካላላችሁት 82 ይላችኋል። ባለሱቁ የሚጠብቀው 83 ነው። አዌይ ፍሮም ዚሮ የሚለውን ምርጫ ጨምሩለት።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ዶት ኔት ውስጥ የዕብራይስጥ፣ የሂጅራ፣ የፋርስ፣ የጃፓን፣ የታይላንድ ቡድሂስት የቀን መቁጠሪያ አለ። የኢትዮጵያ የለም። የቀን መምረጫው ኮንትሮልም የኢትዮጵያን አያውቅም። ይህን ያህል ሕዝብ በየቀኑ የሚኖርበት ቀን ይህን ያህል ዘመን ሳይካተት መቅረቱ ያሳዝነኛል። አንዲት የፋርማሲ ባለቤት "ወንድሜ፣ ሪፖርቱን በእኛ ቀን አድርግልኝ እንጂ!" ብላኛለች። ልክ ናት። ግን መድኃኒቱ ካርቶን ላይ የታተመው የማብቂያ ቀን በፈረንጅ ነው። ሁለቱም ያስፈልጓታል።

የምመክረው ይህ ነው። ዳታቤዝ ውስጥ ሁልጊዜ የፈረንጁን አስቀምጡ። ወደ እኛ የምትቀይሩት ስክሪንና ወረቀት ላይ ስታወጡት ብቻ። የቀን መምረጫውን ራሳችሁ ሥሩት፤ ሦስት መምረጫ ሳጥኖች ይበቃሉ፣ የወሩ ሳጥን ግን 13 ይሁን። ጳጉሜን 6 የምትሆነው ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 ሲተርፍ ነው፤ 2015 ላይ እንደሆነው። ይህን አንድ ክላስ ውስጥ ጽፋችሁ መስከረም 1ን በፈረንጁ ሴፕቴምበር 11 እና 12 ላይ ፈትኑት። ስህተት ካለ እዚያ ነው የሚወጣው።

ፍለጋም እንዲሁ ነው። ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ ለዶት ኔት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሀሐኀን፣ ሰሠን፣ አዐን፣ ጸፀን ወደ አንድ የሚያመጣ ትንሽ ፈንክሽን ጻፉ፣ የተስተካከለውን ስም በሌላ ዓምድ አስቀምጡ፣ ፍለጋውን እዚያ ላይ አድርጉ። ፎንቱን በተመለከተ፣ ዊንዶውስ 7 ላይ ኒያላ አለ። ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ኒያላ ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን ነው፣ ፊደላችን ያለው ኢብሪማ ውስጥ ነው።

ሺዎች ዕቃ የሚያሳይ ዳታ ግሪድ (ሠንጠረዥ) ካላችሁ ቨርቹዋል ሞድን (የሚታየውን ረድፍ ብቻ የሚያመጣ አሠራር) ክፈቱ። የዓምዶቹን ስፋት በሁሉም ረድፍ እንዲለካ አታድርጉት፣ የሚታዩት ይበቃሉ። የባርኮድ ማንበቢያው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ኪቦርድ ነው የሚሠራው፤ ቁጥሩን ጽፎ ኢንተር ይጫናል። ፎርሙ ላይ አክሰፕት በተን (ኢንተር ሲጫን የሚሠራ በተን) ካደረጋችሁ ያ ኢንተር ሽያጩን ሊዘጋው ይችላል። የሽያጭ ፎርም ላይ አታድርጉት።

ስለ መጫን፦ የድሮው ዶት ኔት፣ ዶት ኔት ፍሬምወርክ 4.8፣ ከግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ወዲህ ባሉት ዊንዶውስ 10ዎች ውስጥ አብሮ ይመጣል። ፕሮግራማችሁ ትንሽ ፋይል ሆኖ በፍላሽ ይሄዳል። ዶት ኔት 8 ግን ወይ ራንታይሙ (ፕሮግራሙን የሚያስኬደው) ይጫንለታል፣ ወይ ሁሉን በአንድ ላይ ይዞ ከ100 ሜጋባይት በላይ ይሆናል። ዊንዶውስ 7ንም አይደግፍም። ደንበኛዬ ዊንዶውስ 7 ላይ ካለ በ4.8 እሠራለታለሁ፣ አላቅማማም። ኮምፒውተሩ አዲስ ከሆነ አዲሱ ይሻላል፤ ፈጣን ነው፣ ከፍተኛ ጥራት ባላቸው ስክሪኖች ላይም ጽሑፉ የጠራ ነው። የዶት ኔት 8 ድጋፍ በኅዳር 2026 እ.ኤ.አ. ስለሚያበቃ ዛሬ ከዜሮ የሚጀምር ሰው በቀጥታ በዶት ኔት 10 ይጀምር። ከላይ የጻፍኩት ሁሉ እዚያም ይሠራል።