«ጭጋግ አይዝም» የሚባለውን መነጽር ከመግዛታችሁ በፊት

ሐዋሳ ውስጥ ሞተር ለምትነዱ፣ ብስክሌት ለምትጋልቡ፣ ደጅ ለምትሠሩ ሁሉ። «ጭጋግ አይዝም፣ ለሥራም ለሞተርም ይሆናል» ተብሎ የሚሸጥ መነጽር አለ። እኔ 1,800 ብር ከፍዬበታለሁ። እናንተ እንዳትከፍሉ ነው የምጽፈው።

የገዛሁት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። ሻጩ መነጽሩን ከመደርደሪያ አወረደና «ወንድሜ፣ ራስህ ሞክረው፤ እፍ በልበት» አለኝ። እፍ አልኩበት። ምንም የለም። ደገምኩ። አሁንም ጥርት ያለ ነው። በዚያ ላይ «ይሄን ከረጨህበትማ ጨርሶ አያሳስብህ» ብሎ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ በ350 ብር አስገዛኝ።

በማግስቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ሻሸመኔ ወጣሁ። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ብርዱ እጅ ይቆርጣል። ጥቁር ውሃ ሳልደርስ አፍንጫዬ አካባቢ ነጭ ነገር ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ሙሉው ነጣ። ከፊቴ የምትሄደውን ጋሪ ያየኋት ልደርስባት ጥቂት ሜትር ሲቀረኝ ነው። በአንድ እጄ መነጽሩን ወደ ግንባሬ ገፋሁ፣ በሌላው ፍሬን ይዤ ከአስፋልቱ ወጣሁ። ፈረሱ በረገገ። ጋሪ ነጂው ልጅ ዞሮ ሲያየኝ የነበረው ፊቱ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን።

የሱቁ ሙከራ ያታለለኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ጭጋግ የሚመጣው ሞቃትና እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ነው። በሰባት ሰዓት ሙቀት መስታወቱ ራሱ ሞቋል፤ ትንፋሽ የሚያርፍበት ቅዝቃዜ የለውም። ያንን ፈተና ማንኛውም ተራ ፕላስቲክ ያልፋል። ስለዚህ ስትገዙ ከፍሪጅ የወጣ ለስላሳ ወይም ውሃ ይዛችሁ ግቡ። ጠርሙሱን መስታወቱ ላይ ሁለት ደቂቃ ያህል አስደግፉት፣ ያረፈበትን እርጥበት ጠረግ አድርጉና በውስጥ በኩል እፍ በሉበት። ከነጣ፣ መልሱለት።

ቤት ገብቼ መነጽሩን በደንብ አየሁት። ከላይና ከታች የአየር ማስወጫ ቀዳዳዎች የሚመስሉ ነገሮች አሉት። በመርፌ ሞከርኩ። አንዱም አያስገባም! ቀዳዳ ሳይሆን ፕላስቲኩ ላይ የተሠራ ቅርጽ ብቻ ነው። የፊታችን ላብና ትንፋሽ መውጫ ካጣ መስታወቱ ላይ ነው የሚያርፈው። ማሸጊያው ላይ ኢኤን 166 የሚባለው የአውሮፓ ደረጃ ተጽፏል። በዚያ ደረጃ ጭጋግን በመቋቋም የተፈተነ መነጽር መስታወቱ ላይ ኤን (N) የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል በቋሚነት ተቀርጾበት ይመጣል። የእኔው ላይ ያለው ፊደል ግን ተለጣፊ ነው፤ በጥፍሬ ላጥኩት።

ብልቃጧን ስከፍታት የሳሙና ሽታ መጣ። እጄ ላይ አፍስሼ ሳሸው አረፋ ሆነ። ሳሙና መሥራቱስ ይሠራል፤ ውሃው ነጠብጣብ ሆኖ እንዳይቀመጥ ስስ አድርጎ ያሰራጨዋል። ግን ለዚያ 350 ብር አይከፈልም። ቤት ያለውን የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አንድ ጠብታ በውስጥ በኩል በጣት ቀቡት፣ ሲደርቅ በንጹህ የጥጥ ጨርቅ እስኪጠራ ድረስ በቀስታ ወልውሉት። እኔ ጠዋት ጠዋት ከመውጣቴ በፊት እሱን አደርጋለሁ። ሳሙናው ተርፎ ላብ ካቀለጠው ዓይን ስለሚያቃጥል በደንብ ይወልወል። በቤንዚን ወይም በአሴቶን የሚያጸዱ ልጆች አይቻለሁ፤ ተዉት፣ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። የጥርስ ሳሙናም ይጭረዋል። አፍንጫና አፍ የሚሸፍን ሻርፕ የምታስሩ ደግሞ ከላይ በኩል አጥብቁት፤ ካልሆነ ትንፋሹ በሙሉ ወደ መነጽሩ ነው የሚወጣው።

ወደ ሱቁ ተመልሼ ነበር። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተባልኩ። ደረሰኝ አልያዝኩም፤ ስገዛ «ደረሰኝ ከፈለግህ ዋጋው ይጨምራል» ብሎኝ ትቼዋለሁ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሻጭ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ያለ ደረሰኝ አትግዙ፣ እባካችሁ።

ፍሬሙ ጥቁር፣ ማሰሪያው ብርቱካናማ ነው። ቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ ቀዳዳዎቹን በመርፌ ፈትሹ። ካላስገባ ዘንቦ ባደረ ጠዋት አድርጋችሁት አትውጡ።