ድራማፊቨርና ቪኪ ከተሸጡ በኋላ

ድራማፊቨርና ቪኪ የኮሪያን ድራማ በኢንተርኔት ለውጭ ተመልካች ያደረሱ አገልግሎቶች ሲሆኑ፣ ሁለቱም በግዙፍ ኩባንያዎች የተገዙ ናቸው። ቪኪን እ.ኤ.አ. በ2013 የጃፓኑ ራኩተን ገዛው፤ ድራማፊቨርን በ2014 ሶፍትባንክ፣ በ2016 ደግሞ ዋርነር ብራዘርስ።

ከዚያ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ። እ.ኤ.አ. በጁን 2018 የአሜሪካው የቴሌኮም ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ የዋርነርን እናት ኩባንያ ጠቀለለ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 16 ድራማፊቨር ተዘጋ። ደንበኞች የጀመሩትን ድራማ ሳይጨርሱ ቀሩ። የንግድ ምክንያትና የገበያው ፈጣን ለውጥ ነው ተባለ። እኔን አያሳምነኝም፤ የኮሪያ ድራማ ተፈላጊነት ያኔ እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ አልነበረም። ተመልካቹን ያሰባሰበው አገልግሎት ገበያው ሲደምቅ መዘጋቱ እስካሁን ያበሳጨኛል።

ቪኪ ዛሬም አለ። ጉልበቱ በጎ ፈቃደኞቹ ናቸው፤ አንዱ ንግግሩ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቅጽበት እየለየ ይከፋፍላል፣ ሌላው ይተረጉማል፣ ሌላው ያርማል። በዚህም ገበያ የማይቆጥራቸው ትንንሽ ቋንቋዎች ጭምር ትርጉም ያገኛሉ። ራኩተን ይህን ማኅበረሰብ አለመበተኑን አደንቃለሁ፤ ምንም እንኳ ብዙ ደክመው ለሚተረጉሙት ሰዎች ደመወዝ ባይከፈልም። የማሳያ ፈቃድ እንደ አገሩ ስለሚለያይም በአንዱ አገር የሚታየው ድራማ በሌላው ዝግ ነው።