መኪናዬን ሁለት ዓመት ገደማ ከነዳሁ በኋላ፦ መልኩ፣ ምቾቱና ጥንካሬው

ይህን መኪና መንዳት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አምስት ሰው የሚይዝ ሴዳን ነው። ሞተሩ 1.8 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው፣ ቤንዚን የሚጠቀም። ካምቢዮው ሲቪቲ የሚባለው አውቶማቲክ ነው። የአምራቹን ስም አልጠራም። የማነሳቸው ነገሮች የአንድ ፋብሪካ ጉዳይ አይደሉም፤ በዚህ መጠን ከሚሠሩት ሴዳኖች ብዙዎቹ ላይ የሚታዩ ናቸው።

መኪና ስንገዛ መልኩ፣ ምቾቱና ጥንካሬው ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉናል። ለእያንዳንዱም ለየብቻ ነጥብ እንሰጣለን። አብሮ ሲከርሙ ግን የተያያዙ ናቸው። ለዓይን ተብሎ የተሠራውን ወገብ ይከፍለዋል። ከወገብ የተረፈውን ጎሚኒ (በብረቶቹ መጋጠሚያ ላይ ያለው ላስቲክ) እና ሾክ አብዞርበር ይከፍሉታል። ይህ የሚገባው ደግሞ ከወራት በኋላ ነው።

ከቸርኬው ልጀምር። የእኔ መኪና የመጣው ባለ 18 ኢንች ቸርኬ ይዞ ነው። ሁለት ቀለም ያለው፣ ሲታጠብ የሚያብለጨልጭ፣ በእውነት የሚያምር ቸርኬ። ጎማው ላይ 225/45 አር 18 ይላል። 225 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 45 ደግሞ የጎማው ጎን ቁመት የስፋቱ 45 በመቶ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በቸርኬውና በመሬቱ መካከል ያለው ጎማ 101 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የዚሁ ሞዴል ዝቅተኛ ደረጃ የሚመጣው በ205/60 አር 16 ነው። የእሱ የጎን ቁመት 123 ሚሊ ሜትር ነው። የሁለቱ ጎማዎች ጠቅላላ ቁመት ግን ተቀራራቢ ነው፤ አንዱ 660፣ ሌላው 652 ሚሊ ሜትር ገደማ። እንግዲህ ቸርኬው ሲተልቅ የቀነሰው ላስቲኩና አየሩ ነው።

ሁለት ሴንቲ ሜትር ምን ለውጥ ያመጣል የሚል ይኖራል። በጣም ያመጣል። ጉድጓድ ወይም የአስፋልት ስንጥቅ ሲያጋጥም መጀመሪያ እጥፍ ብሎ ምቱን የሚውጠው የጎማው ጎን ነው። እሱ ካጠረ ምቱ በቀጥታ ወደ ቸርኬው፣ ከዚያ ወደ ሾክ አብዞርበሩ፣ ከዚያ ወደ ወንበሩ ይሄዳል። በለስላሳ አስፋልት ላይ ምንም አይሰማም። መሪው ቶሎ ይታዘዛል፣ መኪናው መንገዱን የሙጥኝ ይላል። መንገዱ ትንሽ ሲበላሽ ግን እያንዳንዱ ጠርዝ መሪው ላይ ይቆጠራል። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ከእኔ የባሰ ይሰማዋል።

በዓመቱ አካባቢ ጎማዎቹን ሳጥብ የፊት ግራው ጎማ ጎን ላይ የግማሽ እንቁላል ያህል እብጠት አየሁ። በጣቴ ስጫናት ለስለስ ትላለች። ውስጥ ያለው ክር ተበጥሷል ማለት ነው። እዚያ ቦታ ላይ አየሩን የያዘው ላስቲኩ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጎማ አይጠገንም። በፍጥነት ላይ ሳለ ሊፈነዳ ስለሚችል በዚያው ቀን ተቀየረ። እዚያው ሳለን ቸርኬው ሲፈተሽ ከውስጥ በኩል ጠርዙ ትንሽ ተጣሟል። ከውጭ ቢያዩት ምንም የለበትም።

ከዚያ በኋላ ወደ ባለ 16 ኢንች ወረድኩ። ይህን ለማድረግ የምታስቡ ካላችሁ መጀመሪያ ፋብሪካው የሚፈቅደውን የጎማ ልክ እዩ። በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ወይም በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ይገኛል። የአንዳንድ መኪና የፊት ፍሬን ትልቅ ስለሆነ ትንሽ ቸርኬ አያስገባም። የእኔ ያለ ችግር ገባ። ለውጡን ያወቅኩት ገና ከጋራዡ በር ስወጣ ነው። በፊት "ጓ" ይል የነበረው አሁን "ዱብ" ይላል። የጎማው ጩኸትም ቀነሰ። ጠባብ ጎማ ስለሆነ ነዳጅም በጥቂቱ ተሻሽሏል። ያጣሁት ነገር አለ፤ ፈጠን ብሎ ሲታጠፍ መሪው እንደ በፊቱ ቀልጠፍ አይልም። መኪናውም ከጎን ሲታይ የጎማው ቤት ባዶ ባዶ ይመስላል። መልኩ በግልጽ ቀንሷል፣ ይህን መካድ አይቻልም። እኔ ግን መኪናዬን ከውጭ የማየው በቀን ለጥቂት ደቂቃ ነው። የቀረውን ጊዜ ውስጡ ነኝ።

የሥራ ባልደረባዬ ይህንኑ ሞዴል ከመጀመሪያውም በ16 ኢንች ነው የገዛችው። እንደ እኔው ብዙ ትነዳለች። የእሷ የፊት ጎሚኒዎች እስካሁን ደህና ናቸው። የእኔ አንዱ ተቀይሯል። ሁለት መኪና ማስረጃ ነው አልልም፤ መካኒኩ ግን አልገረመውም።

ስለ ጎሚኒው ትንሽ ልዘርዝር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ድምፁን ሰምቶ ዝም ይለዋል። ችግሩ የጀመረው ጠዋት ላይ ነው። መኪናው ቀዝቅዞ፣ መሪ አዙሬ ቀስ ብዬ ስወጣ፣ ከፊት በቀኝ በኩል "ጧ" የምትል አንዲት ድምፅ። ከሞቀ በኋላ ትጠፋለች። መካኒኩ መኪናውን አንስቶ የታችኛውን ክንድ በብረት ገፋ ሲያደርገው፣ ክንዱን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ጎሚኒ ግማሽ ክብ ያህል ተሰንጥቆ ይከፈታል፣ ሲለቀው ይገጥማል። ዕቃው ትንሽ ነው። ችላ ከተባለ ግን የጎማው አሰላለፍ ይዛነፍና አዲስ ጎማ በአንድ ጎኑ ይበላል። ስለዚህ ጎሚኒ ሲቀየር አላይመንት አብሮ ይሠራ። ይህ ነገር ለድርድር አይቅረብ።

አሁን ወደ ቀሪው መልክ። የጣሪያው መስመር ከሾፌሩ ራስ በኋላ እንደ ስፖርት መኪና ወደ ኋላ ይወርዳል። ከጎን ሲያዩት አሁንም ደስ ይለኛል። አባቴ ግን ከኋላ ለመግባት አንገታቸውን ሰበር፣ ጎንበስ ማድረግ አለባቸው። ረጅም ሰው ናቸው፣ ጉልበታቸውም እንደ ድሮው አይደለም። አንድ ጊዜ ከፊት ተቀምጠው ከሄዱ በኋላ "ከኋላ አታስገባኝ" አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ የፊቱ ወንበር የእሳቸው ነው። የወረደው ጣሪያ የኋላውንም መስታወት ጠባብ አድርጎታል። ወደ ኋላ ስሄድ የምተማመነው በካሜራውና በስፖኪዮው ነው። የፊት መስታወቱን ግራና ቀኝ የያዙት ምሰሶዎችም ወፍራም ናቸው። መኪናው ቢገለበጥ ጣሪያው እንዳይደፈጠጥ ስለሆነ በዚህ አላማርርም። ነገር ግን ወደ ግራ ስታጠፉ እግረኛ ሙሉ በሙሉ ከምሰሶው ጀርባ ሊሰወር ይችላል። ራስን ወደ ፊትና ወደ ጎን ሳብ አድርጎ ማየት ልማድ መሆን አለበት።

ውስጡ ላይ ያስቀየመኝ ነገር ቢኖር በካምቢዮው ዙሪያ ያለው የሚያብረቀርቅ ጥቁር ፕላስቲክ ነው። አዲስ እያለ መስታወት ነው። አሁን ፀሐይ በጎን ሲመታው በጨርቅ የተጠረገበት ክብ ክብ ጭረት ሁሉ ይታያል። አጠገቡ ያለው ሸካራ ግራጫ ፕላስቲክ ግን ርካሽ የሚመስለው እሱ ሆኖ ሳለ ምንም አልሆነም። የፊት መብራቶቹን ከውጭ ብቻ አትዩ። ሽፋናቸው ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። በላዩ ያለው መከላከያ ቅብ በፀሐይ ሲበላ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። ጥላ ያለበት ቦታ ማቆም ይረዳል። ብዙዎቹ የኤልኢዲ መብራቶች ደግሞ አምፖላቸው ለብቻው አይቀየርም። ውስጡ ሲበላሽ ሙሉው ነው የሚቀየረው። ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

ወንበሩን በተመለከተ ደስተኛ ነኝ። ወንበር የሚፈተነው በአሥር ደቂቃ የሙከራ ጉዞ አይደለም። በሁለተኛው ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ መቀመጫው ጭንን እስከ ጉልበት አካባቢ ይይዛል ወይ ነው። አጭር ከሆነ ክብደቱ ሁሉ መቀመጫ አጥንት ላይ ያርፍና ቀኝ እግር ይደነዝዛል። ሁለተኛው የወገብ ድጋፉ ከፍና ዝቅ ይላል ወይ ነው። የእኔ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚሄደው፤ እንደ ዕድል ለእኔ ቁመት ልክ ሆኗል። ባለቤቴ አጠር ስለምትል ድጋፉ ትከሻዋ ሥር ይወጋታል፣ ትንሽ ትራስ ታደርግበታለች። ቆዳው በሙቀት ያቃጥላል፣ በብርድ ይቀዘቅዛል፣ ላብም አይመጥም። ጨርቅ ቢሆን እመርጥ ነበር።

የምቾት ነገር ከተነሳ፣ የፈረንሳዩን ሲትሮኤን ዲኤስ ማንሳት እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣ መኪና ነው። በሞላ ፈንታ ናይትሮጅን ጋዝና ዘይት የያዙ ክብ ዕቃዎች ነበር የሚያነሱት። መልኩ በዘመኑ ሰውን ያስደነገጠ ነበር፣ አካሄዱም ለስላሳ። መልክና ምቾት ሊጣሉ የግድ አይደለም ማለት ነው። ዛሬ ግን ትልቅ ቸርኬ ማድረግ ቀላሉ የማሳመሪያ መንገድ ሆኗል።

ስክሪኑ ላይ አጭር ልሁን። የአየር ማቀዝቀዣው ግማሹ ትእዛዝ በስክሪን ውስጥ ነው። እየነዱ ለሙቀት ብሎ ሜኑ መፈለግ አደጋ ነው። ዩሮ ኤንካፕ የተባለው የአውሮፓ የመኪና ደህንነት መዛኝ፣ እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ እንደ ፍሬቻ፣ ክላክስና የዝናብ መጥረጊያ ላሉት በእጅ የሚዳሰስ መቆጣጠሪያ የሌላቸው መኪናዎች ነጥብ እንዲቀንሱ ወስኗል። ደግ አደረገ። ስክሪኑ አልፎ አልፎ ይደርቅብኛል፣ መኪናው ጠፍቶ ሲነሳ ይመለሳል። በዚህ ብቻዬን አይደለሁም። ጄዲ ፓወር የሦስት ዓመት መኪና ባለቤቶችን እየጠየቀ በሚያወጣው የአሜሪካ ጥናት፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙ ቅሬታ የሚመጣው ከሞተር ሳይሆን ከስክሪንና ከስልክ ግንኙነት ነው።

ሞተሩ ምንም አላስቸገረኝም። ዘይትና ፊልትሮ በጊዜው፣ አለቀ። ትኩረት የሚፈልገው ካምቢዮው ነው። ሲቪቲ እንደ ሌሎቹ አውቶማቲኮች ደረጃ ያለው ማርሽ የለውም። በሁለት መዘውሮች መካከል የብረት ቀበቶ ይዞራል። መዘውሮቹ ሲጠቡና ሲሰፉ ፍጥነቱ ይቀያየራል። ቀበቶው እንዳይንሸራተት አጥብቆ የሚይዘው በዘይቱ ግፊት ነው። ዘይቱ ሲያረጅ መንሸራተት ይጀምራል፣ የተፈጨው የብረት ብናኝም እዚያው ይዞራል። "የካምቢዮ ዘይት ዕድሜ ልክ ነው፣ አይነካም" የሚል ምክር ትሰማላችሁ። እኔ አልተቀበልኩትም። 60 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ አስቀየርኩት። ትክክለኛውን የሲቪቲ ዘይት መጠቀም ግዴታ ነው፤ የተራ አውቶማቲክ ዘይት አይሆንም። የወጣው ዘይት ጠቆር ብሎ ነበር። ከተቀየረ በኋላ ዳገት ላይ ሲነሳ የነበረችው ትንሽ መንቀጥቀጥ ጠፋች።

የፍሬን ዘይትም እንዲሁ ይረሳል። ከአየር እርጥበት ስለሚስብ የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ሊሰምጥ ይችላል። ሁለት ዓመት ሲሞላ ማስቀየር በቂ ነው። ባትሪው ደግሞ ሊሞት ሲል አስቀድሞ ዳሽቦርዱን ያሳብደዋል። የማይገናኙ የማስጠንቀቂያ መብራቶች በአንድ ላይ ሲበሩ፣ ኮምፒውተር ከማስቀየራችሁ በፊት ባትሪውን አስለኩ።

ጥንካሬ ሲነሳ የማስበው ኢርቭ ጎርደን የተባለውን አሜሪካዊ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ ቀይ ቮልቮ ፒ1800 ገዛ። እ.ኤ.አ. በ2013 በዚያው መኪና ሦስት ሚሊዮን ማይል፣ ማለትም 4.8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አለፈ። ሚስጥሩን ሲጠየቅ መልሱ ቀላል ነበር፤ መመሪያ መጽሐፉ የሚለውን በጊዜው መፈጸም። ሞተሩም በመካከል ታድሷል። ጠንካራ መኪና ማለት የማይበላሽ ሳይሆን፣ ሲበላሽ በቀላሉ ተፈትቶ የሚጠገን ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

ደግመህ ትገዛዋለህ ወይ ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ይህንኑ ሞዴል። ግን ባለ 16 ኢንቹን፣ የጨርቅ ወንበር ያለውን። ለሙከራ ስትነዱ ጎርባጣ መንገድ ምረጡ፤ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሬዲዮ አጥፍታችሁ ሂዱበት። ከተቻለ የትልቁንና የትንሹን ቸርኬ ሁለቱንም በአንድ መንገድ ሞክሩ። ከኋላም ተቀመጡ፣ በሩን ራሳችሁ ከፍታችሁ ግቡና ውጡ። በመደበኛነት ከኋላ የሚቀመጥ ትልቅ ሰው ካለ ደግሞ እሱን ይዛችሁ ሂዱ።